የጌዴኦን የሕዝብ ብዛት በየዘመኑ የሚያሳይ ካርታ እንዴት ይሠራል?

የጌዴኦ ዞን ሕዝብ ጥቅምት 1987 ሲቆጠር 564,073 ነበር። ግንቦት 1999 ዳግም ሲቆጠር 847,434 ሆኖ ተገኘ። አሥራ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የዲላ ከተማ ከ33,734 ወደ 59,150 አድጋለች። እነዚህን አራት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ነው። ዕድገቱ በየትኛው ወረዳ እንደበረታ፣ መሬቱ የት እንደጠበበ ለማየት ግን ካርታ ያስፈልጋል። ካርታው በጣት ሲነካ ዓመቱን የሚቀይር ከሆነ ደግሞ ተማሪውም፣ ጋዜጠኛውም፣ የወረዳ ፕላን ባለሙያውም የየራሱን ጥያቄ ይጠይቀዋል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ካርታ በነጻ ሶፍትዌር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይያዙ። ዓመት የሚቀይረውን ስላይደር መሥራት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ካርታውንም እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ የሚያደርገው፣ በ1987 የተቆጠረውና በ1999 የተቆጠረው ቦታ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በጌዴኦ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ወረዳዎች ተከፍለዋል፤ ከዚያ በኋላም አዳዲስ ተጨምረዋል። ስለዚህ የጊዜዎን ትልቁን ድርሻ ለሠንጠረዡና ለድንበሩ ይመድቡ።

የሚያስፈልግዎ መካከለኛ አቅም ያለው ላፕቶፕ፣ ኤክሴል ወይም ሊብሬኦፊስ፣ እንዲሁም ኪውጂአይኤስ የተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ነው። ኢንተርኔት ፋይሎቹን ለማውረድና በመጨረሻ ካርታውን ለመጫን ብቻ ያስፈልጋል፤ መካከሉን ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል።

1. ካርታው የሚመልሰውን ጥያቄ ይጻፉ

ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ለምሳሌ፦ «በጌዴኦ ዞን ከ1987 እስከ 1999 የሕዝብ ጥግግት በየትኛው አካባቢ ይበልጥ ጨመረ?» ጥያቄው ሦስት ነገር ይወስንልዎታል፤ የትኞቹ ዓመታት፣ በምን ደረጃ (ዞን፣ ወረዳ ወይስ ቀበሌ)፣ ምን ዓይነት ቁጥር (ብዛት፣ ጥግግት ወይስ የዕድገት መጠን)። ለመጀመሪያ ሥራ የወረዳ ደረጃ ይመረጣል። የቀበሌ ድንበር ፋይል ማግኘትም፣ ከቆጠራው ጋር ማዛመድም ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

2. አኃዞቹን ሰብስበው በዓይነት ይለዩ

በኢትዮጵያ ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ስለዚህ ከ1999 ወዲህ ለጌዴኦ የሚያገኙት ማንኛውም ጠቅላላ ቁጥር ትንበያ ወይም ግምት ነው። ምንጮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። የ1987ቱንና የ1999ኙን የወረዳ ሠንጠረዦች ከኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ በቀድሞ ስሙ ከማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ፣ ሪፖርቶች ያገኛሉ። የ1976ቱን በወረዳ ካርታው ውስጥ ባይጨምሩት ይሻላል። ያኔ ጌዴኦ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ስለነበረ የዛሬው ዞን ድንበር ከዚያ ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው ትንበያ ነው። አገልግሎቱ የ1999ኙን ቆጠራ መነሻ አድርጎ የወሊድ፣ የሞትና የፍልሰት ግምት በመውሰድ እስከ ወረዳ የሚወርድ ትንበያ ያወጣል። ለዕቅድ ሥራ የሚያገለግለው ይህ ነው፤ ነገር ግን የተቆጠረ ሰው አይደለም።

ሦስተኛው በሳተላይት ምስል የታገዘ ግምት ነው። ወርልድፖፕ ከእ.ኤ.አ. 2000 እስከ 2020 ያለውን በየዓመቱ በ100 ሜትር ፒክስል ያቀርባል። የአውሮፓ ኅብረት የሚያዘጋጀው የዓለም ሰፈራ መረጃ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ በየ5 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ከቆጠራና ከትንበያ የተገኘውን ጠቅላላ ድምር ወስደው እንደ ሕንፃ ባሉ ከላይ በሚታዩ ምልክቶች መሠረት በመሬቱ ላይ የሚያከፋፍሉ ናቸው። በመሆኑም ቆጠራውን የሚያረጋግጡ ሌላ ምስክር አድርገው አይቁጠሯቸው። በጌዴኦ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። በእ.ኤ.አ. 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድነት የሚበቅሉበት ነው። ቤቱ ከእንሰቱ መሐል፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። ከላይ የሚያይ ምስል ጣሪያውን ሊስተው ይችላል።

ሠንጠረዡን ሲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ ወረዳና ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ረድፍ ይስጡ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የወረዳው ኮድ፣ የወረዳው ስም፣ ዓመት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የመረጃው ዓይነት፣ ምንጭ። «የመረጃው ዓይነት» በሚለው ሥር «ቆጠራ»፣ «ትንበያ» ወይም «ግምት» ብለው ይሙሉ። ይህ ዓምድ በኋላ በካርታው ላይ የተቆጠረውን ከተገመተው ለመለየት የሚያስችልዎ ብቸኛው መንገድ ነው።

3. የዘመን አቆጣጠሩን ያስተካክሉ

1987 እና 1999 በእኛ አቆጣጠር ሲቀናነሱ 12 ይሰጣሉ። በፈረንጆቹ 1994 እና 2007 ሲቀናነሱ 13 ይሰጣሉ። ትክክለኛው የሁለቱ መሐል ነው። አንደኛው ቆጠራ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሌላኛው ግንቦት 20 ስለተካሄደ ልዩነቱ 12 ዓመት ከ7 ወር ተኩል ገደማ፣ በአሥርዮሽ 12.63 ዓመት ነው። የዓመታዊ ዕድገት ስሌት ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ በሠንጠረዡ ሁለት የዓመት ዓምድ ይያዙ። አንደኛው ኮምፒዩተሩ የሚጠቀምበት ሙሉ የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሌላው አንባቢ በስላይደሩ ላይ የሚያየው ዓመተ ምሕረት። የኪውጂአይኤስ የጊዜ መቆጣጠሪያ የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ 1999 ብለው ቢሰጡት የፈረንጁን 1999 ይወስዳል። ያኔ ካርታዎ የግንቦት 20ን ውጤት ከስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ ያሳያል።

4. ወረዳዎቹን ወደ ጋራ መለኪያ ይመልሱ

ዋናው እርምጃ ይህ ነው። በ1987 ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ወረዳዎች ቡሌ፣ ወናጎ፣ ይርጋጨፌና ኮቾሬ ነበሩ። በ1999 ግን ዲላ ዙሪያ ከወናጎ፣ ገደብ ከኮቾሬ ተከፍለው ለየብቻ ተቆጥረዋል፤ የዲላ ከተማም እንዲሁ። ይህን ሳያስተካክሉ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ወናጎና ኮቾሬ ሕዝባቸው የሸሸ ይመስላል። እውነታው ግን ሰዉ ባለበት ነው፤ የተንቀሳቀሰው ድንበሩ ነው።

መፍትሔው አዲሶቹን ወደ ነባሮቹ መልሶ ማጠፍ ነው። አራት የጋራ አካባቢዎች ይሥሩ፦

– ቡሌ፤ ለብቻው።
– ይርጋጨፌ፤ ለብቻው።
– ኮቾሬና ገደብ፤ በአንድ ላይ።
– ወናጎ፣ ዲላ ዙሪያና የዲላ ከተማ፤ በአንድ ላይ።

ይህን በሌላ ሠንጠረዥ ያስፍሩ፤ በግራ ዓምድ ወረዳው በየዓመቱ የተጠራበት ስም፣ በቀኝ ዓምድ የሚገባበት የጋራ አካባቢ። ከዚያ በኤክሴል ፒቮት ሠንጠረዥ ይደምሩ። የአራቱ ድምር በ1987 ከ564,073፣ በ1999 ከ847,434 ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንድ ወረዳ ተረስቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ ሳያገኙት ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ወደ ቅርብ ዓመታት ትንበያ ሲመጡ እንደ ጮርሶና ራጴ ያሉ አዲስ ወረዳዎችንና ራሳቸውን የቻሉ የከተማ አስተዳደሮችን ያገኛሉ። እያንዳንዱ ከየትኛው ወረዳ የትኞቹን ቀበሌዎች እንደወሰደ ከዞኑ የፕላን ባለሙያዎች ይጠይቁ። ቀበሌዎቹ ከሁለት ነባር ወረዳዎች የመጡ ከሆነ ሁለቱን አካባቢዎች ማዋሐድ ይኖርብዎታል። ዝርዝር ይቀንሳል፤ ንጽጽሩ ግን ይጸናል።

5. የድንበር ፋይሉን አውርደው ያጋጥሙ

የወረዳ ድንበር ፋይል የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ኦቻ፣ በሚያስተዳድረው ሂዩማኒቴሪያን ዳታ ኤክስቼንጅ ላይ በነጻ ይገኛል። ክልል አንደኛ፣ ዞን ሁለተኛ፣ ወረዳ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ቀደም ባሉ ፋይሎች ጌዴኦን በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ይፈልጉት። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ከተመሠረተ በኋላ በወጡት ደግሞ በአዲሱ ክልል ሥር ነው። የክልል ለውጥ ኮዶችንም ሊለውጥ ስለሚችል የወሰዱትን ፋይል እትምና ቀን ይመዝግቡ።

ፋይሉን በኪውጂአይኤስ ከፍተው የጌዴኦን ወረዳዎች ብቻ ያስቀሩ። «የጋራ አካባቢ» የሚል ዓምድ ጨምረው ከአራቱ አንዱን ለእያንዳንዱ ወረዳ ይሙሉ፤ ከዚያ ዲዞልቭ በተባለው መሣሪያ ወረዳዎቹን ወደ አራት ያዋህዱ። ስፋቱን ከማስላትዎ በፊት ፕሮጄክሽኑን ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ኮድ 32637፣ ይቀይሩ። በዲግሪ የተለካ ስፋት ትርጉም የለውም። ውጤትዎን ከታወቀ ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ በ1999 ቆጠራ የዞኑ ስፋት 1,210.89 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል። ጥቂት ልዩነት ቢኖር አይደነቁ፤ ብዙ ከራቀ ግን ድንበሩ ሌላ እትም ነው።

ሠንጠረዡን ከድንበሩ ጋር ሲያጋጥሙ በስም አይመኑ። በእንግሊዝኛ ፊደል በተዘጋጁ ፋይሎች ዲላ በአንዱ በአንድ ኤል፣ በሌላው በሁለት ኤል ተጽፎ ያገኙታል። ይርጋጨፌ አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ቃል ነው። በአማርኛም ቢሆን «ዙሪያ» እና «ዙርያ» ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከስም ይልቅ ኮድ ይጠቀሙ። ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። በሺህ ቤት ላይ ነጠላ ሰረዝ ያለው ቁጥር እንደ ጽሑፍ ሊነበብ ስለሚችል ሰረዙን ያጥፉ። ፋይሉን በሲኤስቪ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ካልመረጡ የአማርኛው ጽሑፍ ወደ ሳጥንና ጥያቄ ምልክት ይለወጣል።

6. ቀለሙን አንድ ጊዜ ይወስኑ

አካባቢን በቀለም ሲሞሉ ጥግግትን እንጂ ብዛትን አያሳዩ። ሰፊ ወረዳ ብዙ ሰው ስላለው ብቻ ቢጠቁር ስለ መሬት ጥበት የሚነግርዎ ነገር የለም። የሕዝቡን ቁጥር ለካሬ ኪሎ ሜትሩ ያካፍሉ። ለዞኑ በጥቅሉ፣ በ1999ኙ ስፋት ቢሰላ፣ በ1987 በካሬ ኪሎ ሜትር 466 ሰው ገደማ፣ በ1999 ደግሞ 700 ይመጣል። ከሕዝቡ 12.72 በመቶው ብቻ ከተሜ በነበረበት ዞን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ካርታውን መሥራት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ከዚያ የቀለም እርከኖችን ይቁረጡ። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ደንብ፣ እርከኖቹ ለሁሉም ዓመታት አንድ መሆን አለባቸው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ዓመት በራሱ እርከን እንዲሠራ ከተዉት ሁልጊዜ አንዱ አካባቢ በጣም ጥቁር፣ አንዱ በጣም ፈዛዛ ይሆናል፤ ዕድገቱ ከካርታው ይጠፋል። ለምሳሌ ከ300 በታች፣ 300–500፣ 500–700፣ 700–1,000፣ ከ1,000 በላይ ብለው በእጅ ይጻፉት። አንድ ቀለም ከፈዛዛ ወደ ጥቁር ይሂድ። ቀይና አረንጓዴን ማጋጠም ግን ሁለቱን ቀለማት መለየት ለሚቸግረው አንባቢ ካርታውን ይዘጋበታል።

የዲላ ከተማ ለብቻዋ ትታይ። ከተማዋን ከዙሪያዋ ጋር ደምረው ቢያቀልሙም በላይዋ ላይ ክብ ያኑሩ፤ የክቡ ስፋት ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ይመጣጠን። ያን ጊዜ አንባቢው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያያል፤ ዞኑ ግማሽ ያህል ሲጨምር ከተማዋ በሦስት አራተኛ ማደጓን።

7. ስላይደሩን ይትከሉ

ሦስት መንገዶች አሉ፤ እንደ ችሎታዎ ይምረጡ።

ለራስዎ ወይም ለአዳራሽ ገለጻ ከሆነ የኪውጂአይኤስ የጊዜ መቆጣጠሪያ ይበቃል። በሌየሩ (በካርታው ንብርብር) ንብረቶች ውስጥ የጊዜ ክፍሉን ያብሩ፣ የፈረንጁን ቀን ዓምድ ይምረጡ፣ ያጫውቱ፤ እያንዳንዱን ዓመት በምስል አውጥቶም ያስቀምጥልዎታል።

ኮድ ሳይጽፉ በድረ ገጽ ለማውጣት ፍላውሪሽን የመሰለ አገልግሎት ይጠቀሙ። ድንበሩን በጂኦጀሰን ይጭናሉ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የጥግግት ዓምድ ይሰጡታል። በነጻው አገልግሎት ላይ የጫኑት መረጃ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን ግን አይርሱ።

ጃቫስክሪፕት የሚያውቁ ከሆነ ሊፍሌት የተባለውን ቀላል የኮድ ቤተ መጻሕፍት ይያዙ። አሠራሩ አጭር ነው። ድንበሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል፤ በእያንዳንዱ አካባቢ ውስጥ የሁሉም ዓመታት ቁጥር ተቀምጧል። ስላይደሩ ሲነካ ካርታው የሚቀይረው ቀለሙን ብቻ ነው። ለየዓመቱ ድንበሩን ዳግም እንዲያወርድ ካደረጉት የአንባቢውን የሞባይል ዳታ ያባክናሉ።

በየትኛውም መንገድ ቢሠሩት ስላይደሩ በቆጠራ ዓመታት ላይ ብቻ ይቁም። በመካከል ያሉትን ዓመታት ማሳየት ከፈለጉ በቀጥታ መስመር አይሙሉት። የኋለኛውን ቁጥር ለፊተኛው ያካፍሉ፣ የውጤቱን ናቹራል ሎጋሪዝም ይውሰዱ፣ ለ12.63 ያካፍሉ። ለጌዴኦ በዓመት 3.2 በመቶ ገደማ ይሰጣል፤ በአገር ደረጃ በዚያው ጊዜ የነበረው 2.6 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት በሁለቱ ቆጠራዎች እኩሌታ፣ ጥር 1993 ገደማ፣ ዞኑ 691 ሺህ ያህል ሰው ነበረው። ቀጥታ መስመር ቢጠቀሙ 706 ሺህ ይልዎታል፤ ልዩነቱ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ሕዝብ ያህላል። የተሰላውን ዓመት ደግሞ በሰያፍ መስመር ይሸፍኑት፤ «ግምት» የሚል ቃልም ከዓመቱ ጎን ይታይ።

8. የ2010ን መፈናቀል በሌላ ሌየር ያስቀምጡ

የትንበያ ቁጥሮች ለስላሳ መስመር ይሠራሉ፤ የሰው ሕይወት ግን እንደዚያ አይደለም። ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በሁለቱ ዞኖች ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሏል፤ አብዛኛው የተጠለለው በጌዴኦ ዞን ነበር። በ1999 847,434 ሰው በተቆጠረበት ዞን ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ራሱ ያሰላዋል።

ይህን ቁጥር ግን በነዋሪው ቁጥር ላይ አይደምሩ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በየዙሩ ያወጣቸውን የመፈናቀል መረጃዎች ወስደው ሲፈለግ የሚበራና የሚጠፋ የክብ ሌየር ያድርጉት፤ ቀኑን በወር ይጻፉበት። መጠለያዎችን በቀበሌ ወይም በነጥብ አያመልክቱ፤ የወረዳ ድምር ይበቃል። ተፈናቃይን በብሔር መለየትም ለዚህ ካርታ ጥያቄ አስፈላጊ አይደለም፤ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ግን ትልቅ ነው። ዞኑ በሰሜን ከሲዳማ፣ በሌሎቹ አቅጣጫዎች ከኦሮሚያ የሚዋሰን በመሆኑ ከካርታው ግርጌ «ድንበሩ ለማሳያ ብቻ የቀረበ ነው» የሚል ማስታወሻ ያኑሩ።

9. ፋይሉን አቅልለው በስልክ ይሞክሩ

አብዛኛው አንባቢዎ ካርታውን የሚከፍተው በስልክ ነው። ድንበሩን ወደ ደብሊውጂኤስ 84፣ ኮድ 4326፣ መልሰው በጂኦጀሰን ያስቀምጡ። ከዚያ ማፕሼፐር በተባለው ነጻ ገጽ ላይ መስመሩን ያቅልሉ። ይህ መሣሪያ የጎረቤታሞችን የጋራ ድንበር አብሮ ስለሚያቀልል በመካከላቸው ክፍተት አይፈጥርም። የመጨረሻው ፋይል ከአንድ ሜጋባይት በታች እንዲሆን ይጣሩ፤ ለአራት አካባቢዎች ከዚያም እጅግ ማነስ ይችላል።

ጌዴኦ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ቀጭን ዞን ስለሆነ ቅርጹ ለቆመ ስልክ ይመቻል። ካርታው ማያውን ይሙላ፤ ስላይደሩ አውራ ጣት በሚደርስበት በታች ይቀመጥ፤ ዓመቱ በትልቁ ይጻፍ። አካባቢው ሲነካ ስሙ፣ የዚያ ዓመት ቁጥር፣ የመረጃው ዓይነትና ምንጩ ይውጣ። ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከካርታው ጋር አብረው ይጫኑ። የተዘጋጀውን ገጽ በጊትሃብ ፔጅስ ላይ ያለ ክፍያ ማኖር ይቻላል።

10. ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ፤ ለሚቀጥለው ቆጠራ ያዘጋጁ

ሊንኩን ከማሰራጨትዎ በፊት አካባቢውን ለሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ይስጡ፤ የወረዳ ፕላን ሠራተኛ፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተማሪ፣ ይርጋጨፌ የሚኖር የቡና ነጋዴ ቢሆኑ መልካም ነው። ምንም ሳያብራሩ ሦስት ጥያቄ ይጠይቋቸው። ጥግግቱ በጣም የጨመረው የት ነው? ከእነዚህ ዓመታት ሰው በእውነት የተቆጠረው በየትኞቹ ነው? ወናጎ ለምን ለብቻው አልታየም? የመጀመሪያውን ካልመለሱ ቀለሙን ያስተካክሉ። ሁለተኛውን ከሳቱ ግምቱ እንደ ቆጠራ እየተነበበ ነውና ምልክቱን ያጉሉ። ሦስተኛው ካደናገራቸው የወረዳዎቹን መዋሐድ የሚገልጽ ሁለት መስመር ከካርታው ሥር ይጨምሩ።

በመጨረሻም ሁለቱን ሠንጠረዦች፣ የአኃዙንና የአካባቢ ማዛመጃውን፣ ከካርታው ጋር አብረው ይልቀቁ። አራተኛው ቆጠራ ሲካሄድ ወረዳዎቹ ዳግም ተከፍለው ሊመጡ ይችላሉ። ማዛመጃው ካለ ሥራው ለእያንዳንዱ አዲስ ወረዳ አንድ ረድፍ መጨመር፣ ድምሩን ከታወጀው የዞን ቁጥር ጋር ማስተያየትና ስላይደሩ ላይ አንድ ዓመት መትከል ብቻ ይሆናል፤ እርስዎ ባይኖሩም ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል።